ጥላ ሂሳብ

(በፌብሩዋሪ 2025 ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ለወገኖች ካቀረብኩት ንግግር። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን ዋላችሁ። ከቅዳሴ በቀጥታ የመጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ከኋላ ያለው ዶሮ ሽታው ከእኔ ድምፅ ይበልጣል። ስለዚህ አላስረዝምም።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልናገር። የገንዘብ አማካሪ አይደለሁም፣ ፈቃድም የለኝም። ቀን ቀን የምሠራው ሆስፒታል መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው። አንዳንዶቻችሁ ግን በዕቁብ ጸሐፊነቴ ነው የምታውቁኝ። 20 ዕጣ፣ በወር 250 ዶላር፣ 5,000 የሚወጣበት። ማን ከፈለ፣ ማን ዘገየ፣ ማን ዕጣውን ለማን ሸጠ፣ ሁሉም ደብተሬ ላይ ሰፍሯል። አንድ ዶላር ከጎደለ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ይህን ያህል ጠንቃቃ ነኝ የሚል ሰው የራሱን የአክሲዮን ሂሳብ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳን በሥርዓቱ አላሰላም። አፑን እከፍታለሁ። አረንጓዴ ከሆነ ደስ ይለኛል፣ ቀይ ከሆነ እዘጋዋለሁ። በቃ፣ ሂሳቤ ይኸው ነበር።

ነገሩ የተገለጠልኝ ባለፈው ገና ነው። ጓደኛዬ ቤት ተሰብስበናል። አንዱ ስለ ቢትኮይን ያወራል። ሌላው አዲስ አበባ ሰሚት አካባቢ ስላሠራው ቤት። እኔም ዝም ማለት አቃተኝና «እኔ ዘንድሮ በአክሲዮን 39 ፐርሰንት ሠርቻለሁ» አልኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። ጉራ እንዲህ ሲሰምር ደስ ይላል መቼም።

የጓደኛዬ ልጅ ኮሌጅ ናት። እዚሁ ስለተወለደች አንቱታው አይሆንላትም። «ጋሼ፣ ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ ትጨምርበት ነበር እንዴ?» አለችኝ።

«አዎ፣ በየወሩ።»

«እና እሱም ትርፍ ነው?»

ሼም ያዘኝ። ወሬውን ወደ ቡናው አዞርኩት። ግን ማታ ቤት ስገባ ልብሴን እንኳን ሳልቀይር ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። የዕቁብ ደብተሬን ከኋላ በኩል ከፈትኩና ጻፍኩ።

ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ሂሳቤ ላይ 42,000 ዶላር ነበር። ዲሴምበር 31 ደግሞ 58,600። ልዩነቱ 16,600። ለ42,000 ሲካፈል 39.5 ፐርሰንት። ገና ላይ የነፋሁት ይህን ነው።

ቀጠልኩ። በየወሩ አጋማሽ ከደሞዜ 500 ዶላር አስገባለሁ፣ በዓመት 6,000። ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ዕቁብ ደረሰኝና 5,000ውን እንዳለ አስገባሁት። ድምሩ 11,000። ከ16,600 ላይ 11,000 ሲነሳ 5,600 ይቀራል። ትርፌ ይህችው ናት። የቀረው የራሴ ላብ ነው፤ ከአንዱ ኪሴ ወደ ሌላው ያዛወርኩት።

5,600ን ለ42,000 ካካፈልነው 13.3 ይመጣል። እሱም ልክ አይደለም። መሃል ላይ የገባውም ገንዘብ ለገባበት ጊዜ ያህል ሠርቷል። ይህንን ለዕቁበኛ ማስረዳት ቀላል ነው። የመጀመሪያው ዕጣ የወጣለትና የመጨረሻው የወጣለት ሁለቱም እኩል 5,000 ይበላሉ። ግን እኩል ነው የሚል አለ? የመጀመሪያው ገንዘቡን 19 ወር አስቀድሞ ይሠራበታል። ዕጣውን ጨምሮ የሚገዛ ሰው ያለው ለዚህ ነው። ገንዘብ መጠኑ ብቻ ሳይሆን የገባበት ቀንም ዋጋ አለው።

ስለዚህ በግርድፉ እንዲህ አደረግኩ። 42,000ው ዓመቱን ሙሉ ሠርቷል። በየወሩ የገባው 6,000 በአማካይ ግማሽ ዓመት ስለቆየ እንደ 3,000 ቆጠርኩት። የዕቁቡ 5,000 ሩብ ዓመት ስለሠራ እንደ 1,250። ሲደመር 46,250። 5,600 ለ46,250 ሲካፈል 12.1 ፐርሰንት። በትክክል ማስላት የሚፈልግ ኤክሴል ላይ ኤክስአይአርአር (XIRR) የሚባል ቀመር አለ። ቀኑንና መጠኑን ትሰጡታላችሁ፣ እሱ ይጨርሰዋል። ለእኔ እርሳስና ደብተር በቂ ነበር።

39 የነበረው 12 ሆነ። ባለቤቴ መጥታ «ምን ሆነሃል?» አለችኝ። «ዕቁቡ ላይ ሂሳብ ጎድሎ ነው» አልኳት። ውሸቴን ነው።

ግን 12 ፐርሰንት ምን አላት? ባንክ ቢቀመጥ አምስትም አያመጣም ትሉ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ ያልኩት ይህንኑ ነው። ግን እኔ እኮ ባንክ አላስቀመጥኩም። አክሲዮን ገበያ ነው የገባሁት። ስለዚህ መጠየቅ ያለብኝ ሌላ ነው፦ ምንም ሳልመርጥ፣ ምንም ሳላነብ፣ ሌሊት ስልኬ ላይ ሳላፈጥ፣ ያንኑ ገንዘብ በዚያው ቀን ገበያውን በሙሉ የሚገዛ ፈንድ (የብዙ ሰው ገንዘብ ተሰብስቦ አክሲዮን የሚገዛበት ቋት) ውስጥ ብጨምረው ስንት ይሆን ነበር?

ይህን ለማወቅ የሠራሁትን «ጥላ ሂሳብ» ብዬዋለሁ። ጥላ እንደምታውቁት አብሮ ይሄዳል። እኔ ስራመድ ይራመዳል፣ ስቆም ይቆማል። እኔ 500 ባስገባሁ ቀን ጥላዬም 500 ያስገባል። ልዩነታችን አንድ ነው፤ እሱ ሁልጊዜ የሚገዛው 500 ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን አንድ ላይ የሚይዘውን የኤስ ኤንድ ፒ 500 ኢንዴክስ ፈንድ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ አያስብም።

አሠራሩ ከዕቁብ ደብተር አይከብድም። አንድ ዓምድ ቀን፣ አንድ ዓምድ ያስገባሁት፣ አንድ ዓምድ የፈንዱ የዚያ ቀን ዋጋ፣ አንድ ዓምድ ስንት ድርሻ እንደሚገዛ። መጨረሻ ላይ የድርሻውን ድምር በዲሴምበር 31 ዋጋ ማባዛት ነው። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። ዋጋውን ስታወርዱ ዲቪደንድ፣ ማለትም ኩባንያው ለባለድርሻ የሚያካፍለው ትርፍ፣ የተካተተበትን ዓምድ ውሰዱ። ዜና ላይ የሚነገረው ኤስ ኤንድ ፒ ዲቪደንድ የለበትም። በ2024 ዋጋው ብቻ 23.3 ፐርሰንት ነው የጨመረው፤ ከነዲቪደንዱ 25። የእናንተ ሂሳብ ላይ ዲቪደንድ እየገባ ተወዳዳሪያችሁን ግን ያለ ዲቪደንድ ብታሰልፉት አንድ እግሩን አስራችሁ እንደመሮጥ ነው።

የእኔ ጥላ የዓመቱ መጀመሪያ 42,000 ብቻውን 52,500 ደረሰለት። የየወሩ 6,000 ወደ 6,550 ሆነ። የዕቁቡ 5,000 ወደ 5,120። በድምሩ 64,200 ገደማ። እኔ 58,600።

ጥላዬ ያተረፈው 11,200 ነው፤ ልክ የእኔን እጥፍ። ያውም ተኝቶ።

እዚህ ላይ ኢንዴክስ ምን እንደሆነ ትንሽ ልበል፤ ፊታችሁ ላይ ጥያቄ አያለሁ። ኢንዴክስ ማለት የብዙ ኩባንያዎችን አክሲዮን አንድ ላይ ይዞ ገበያው ምን ያህል እንደወጣ ወይም እንደወረደ የሚያሳይ መለኪያ ነው። ዳው ጆንስ አንጋፋው ነው። በ1896 በ12 ኩባንያዎች ተጀመረ። አሁን 30 ናቸው። የሚቆጥረው የአንዱን አክሲዮን ዋጋ ስለሆነ የአንድ ድርሻው ዋጋ 500 ዶላር የሆነ ኩባንያ 100 ዶላር ከሆነው አምስት እጥፍ ድምፅ አለው፤ ኩባንያው ትልቅ ይሁን ትንሽ ግድ የለውም። ድሮ በእርሳስ ሲሰላ ቀላል ስለነበር ነው እንጂ አሁን ማንም እንደዚህ ብሎ አይጀምርም። ኤስ ኤንድ ፒ ከ1957 ጀምሮ 500 ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን ይይዛል። ድምፅ የሚሰጠው በጠቅላላ የገበያ ዋጋቸው ነው። ትልቁ ብዙ፣ ትንሹ ጥቂት። ናዝዳክ ቴክኖሎጂ ይበዛበታል። ራስል 2000 ደግሞ የትንንሾቹ ነው።

ይህን የምነግራችሁ ለዕውቀት ብቻ አይደለም። ያን ሌሊት እኔን ሊያሳስተኝ የሞከረው ይኸው ነገር ስለሆነ ነው። በኤስ ኤንድ ፒ ከተሸነፍኩ በኋላ ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ሌላ ተወዳዳሪ ፈለግኩ። ዳው ጆንስን አየሁ። በ2024 ያደገው 12.9 ፐርሰንት። «እህ! እኔ እኮ 12.1 ነኝ፣ ልዩነቱ ምንም አይደል» አልኩ። ቆየት ብዬ ዳውን ያለ ዲቪደንዱ እንዳየሁት ትዝ አለኝ፤ ከነዲቪደንዱ 15 ነው። አላቆምኩም። ራስል 2000ን አየሁ። ከነዲቪደንዱ 11.5። አሸነፍኩ!

ጨዋታው ካለቀ በኋላ ተጋጣሚ መምረጥ ማለት ይህ ነው። ቡና 4 ለ 0 ተሸንፎ ሲወጣ «ከሰፈር ቡድን ጋር ብንጫወት እናሸንፍ ነበር» እንደማለት። የቡና ደጋፊዎች ይቅር በሉኝ፤ እኔም ከእናንተው ነኝ። የእኔ ሂሳብ ውስጥ አንድም ትንሽ ኩባንያ የለም። ራስልን ምን አገናኘው? መለኪያውን ዓመቱ ሳይጀምር፣ ውጤቱን ሳያዩ መምረጥ ነው። የያዛችሁትንም መምሰል አለበት። ግማሹ ቦንድ የሆነ ሰው ኤስ ኤንድ ፒን ብቻ ተወዳዳሪ ካደረገ ራሱን ያለ ጥፋቱ ይገርፋል። እሱ የአክሲዮኑን ግማሽ በአክሲዮን ኢንዴክስ፣ የቦንዱን ግማሽ በቦንድ ኢንዴክስ ይለካ። የእኔ ከሞላ ጎደል የአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያ ስለሆነ ማምለጫ አልነበረኝም።

እሺ፣ ቀዳዳው የት ነበር? አሁን ወደሚያመው መጣን።

አንደኛው የኮምፒውተር ቺፕ ሠሪው ኢንቴል ነው። በ2024 መጀመሪያ 5,000 ዶላር ነበረኝ። ለምን እንደገዛሁት ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ቤታችን ያሉት ላፕቶፖች ላይ ሁሉ፣ እጄን የማሳርፍበት ቦታ፣ ስሙ የተጻፈባት ትንሽ ስቲከር አለች። በየቀኑ ስለማያት የማውቀው መሰለኝ። ከዚያ ያለፈ አንድ ገጽ አላነበብኩም። አውጉስት 2 ቀን ሥራ ላይ ምሳ እየበላሁ ስልኬን ከፈትኩ። በአንድ ቀን 26 ፐርሰንት ወርዷል። ዓመቱ ሲያልቅ 60 ፐርሰንት ነበር የወረደው። 5,000ዬ 2,000 ሆነ።

ሁለተኛው ሌላው ቺፕ ሠሪ፣ ኤንቪዲያ ነው። እሱን ደግሞ ይዤው ነበር! ስድስት አክሲዮን። ፌብሩዋሪ 2024 ላይ 700 ዶላር ገደማ ሲደርስ «ትርፌን ይዤ ልውጣ፣ ስግብግብ አልሁን» ብዬ ሸጥኩት። 4,200 ዶላር። ትዝ ይለኛል፣ ያን ዕለት ባለቤቴን ምግብ ቤት ጋበዝኳት። ጁን ላይ እያንዳንዱ አክሲዮን ለአሥር ተከፈለ። ስድስቱ 60 ይሆኑልኝ ነበር። ዲሴምበር መጨረሻ አንዱ 134 ዶላር። አስሉት፤ ከ8,000 በላይ ነው። የዚያች ምሽት ጥብስ በሕይወቴ ከበላሁት ሁሉ ውዱ ነው።

በዚህ ላይ ኖቬምበር ውስጥ ዳው ጆንስ ኢንቴልን አስወጣና በቦታው ማንን አስገባ? ኤንቪዲያን። የያዝኩት ሲወጣ የሸጥኩት ገባ። አንድ ሰው ሆን ብሎ የሚያሾፍብኝ ነው የመሰለኝ።

ሦስተኛው ድምፅ የለውም፣ ስለዚህ አላየሁትም። 8,000 ዶላር ያህል «ሲወርድ እገዛበታለሁ» ብዬ በጥሬው አስቀምጬ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ተቀመጠ። የሦስት ወር የአሜሪካ ግምጃ ቤት ሰነድ (መንግሥት ለአጭር ጊዜ የሚበደርበት ወረቀት) ለአብዛኛው ዓመት 5 ፐርሰንት ገደማ ሲከፍል የእኔ 8,000 ከዚያም ያነሰ ወለድ ነው ያገኘው። አልወረደም፣ አልጨመረም። ቀይ ስላልሆነ ዓይኔ ውስጥ አልገባም።

ያተረፈኝ ኮስትኮ ነው። 39 ፐርሰንት ገደማ ጨመረ። አዎ፣ እዚያም ቤት 39 ነበር! ያስገዛችኝ ባለቤቴ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ መኪና ማቆሚያ ስናጣ «ይህን ያህል ሰው የሚሰለፍበት ሱቅ እንዴት ይከስራል?» ብላኝ። የእሷ ጥናት ከእኔ ጥናት በልጧል።

አንድ ፍትሐዊ ነገር ልጨምር። በ2024 ኤስ ኤንድ ፒ ካገኘው ውስጥ ከግማሽ በላይ የመጣው ከሰባት ግዙፍ ኩባንያዎች ነው። 500ዎቹን እኩል እኩል የገዛ ሰው 13 ፐርሰንት ገደማ ነው ያገኘው። እኔ 12.1። ማለትም እንደ አንድ ተራ መራጭ ብዙም አልወደቅኩም። ያጣሁት እነዚያን ጥቂቶቹን ነው። ታሪኩም እንደዚሁ ነው። ሄንድሪክ ቤሰምባይንደር የሚባሉ የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ከ1926 ጀምሮ የነበሩ ወደ 26,000 የሚጠጉ የአሜሪካ አክሲዮኖችን አጥንተዋል። ከግምጃ ቤት ሰነድ በላይ የተገኘውን ሀብት በሙሉ የፈጠሩት 4 ፐርሰንቶቹ ብቻ ሆነው ተገኙ። የቀሩት ተደምረው ግምጃ ቤት ሰነድ ያህል ነው ያመጡት። እንግዲህ ከድርቆሽ ክምር መርፌ ፈላጊ ነን። ኢንዴክሱ ክምሩን እንዳለ ይገዛዋል፣ መርፌዋም እዚያው ውስጥ ናት።

አሁን ደግሞ ወደ 2022 ልመልሳችሁ። ያን ዓመት ሂሳቤ 13 ፐርሰንት ወረደ። አፈርኩ። ባለቤቴ ስትጠይቀኝ «ደህና ነው፣ ደህና ነው» እያልኩ ከረምኩ። ጥላ ሂሳቡን ወደ ኋላ ስሠራ ግን ኤስ ኤንድ ፒ 18 ፐርሰንት መውረዱን አየሁ። ናዝዳክ 33። ለካ የደበቅኩት ዓመት ገበያውን ካሸነፍኩባቸው ጥቂት ዓመታት አንዱ ነው! ለጊዜው ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። ከዚያ ለምን እንዳሸነፍኩ ሳይ ያው ጥሬው ገንዘብ ነው። በ2024 የጎዳኝ ገንዘብ በ2022 አዳነኝ። ብልህነት የለበትም። ሁለቱንም ጊዜ ፈርቼ ነበር፤ አንዱን ጊዜ ፍርሃቴ ሰመረ።

ለዚህ ነው አንድ ዓመት ብቻ ይዞ መፍረድ የማይቻለው። ዝነኛው ባለሀብት ዋረን ባፌት ያደረገውን ውርርድ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። ከ2008 መጀመሪያ እስከ 2017 መጨረሻ፣ አሥር ዓመት። እሱ አንድ ተራ የኤስ ኤንድ ፒ 500 ፈንድ ያዘ። ቴድ ሳይድስ የሚባል ባለሙያ ደግሞ በውስጣቸው ብዙ ሄጅ ፈንዶችን፣ ማለትም ባለሙያ እየመረጠ የሚነግድላቸውን የባለሀብቶች ፈንዶች፣ የያዙ አምስት ፈንዶችን መረጠ። የመጀመሪያው ዓመት ባፌት ላይ መዓት ወረደበት። ገበያው 37 ፐርሰንት ሲወርድ አምስቱ ፈንዶች በአማካይ 24 ገደማ ነው የወረዱት። ያኔ የዓመት ግምገማ ብናደርግ ኖሮ ባፌት ተሸንፏል ብለን እንበተን ነበር። በአሥረኛው ዓመት ግን ኢንዴክሱ 125.8 ፐርሰንት አድጓል። ከአምስቱ የተሻለው 87.7። ከሁሉ የባሰው ደግሞ 2.8። በዓመት አይደለም፣ በአሥር ዓመት!

እኔም ስምንቱን ዓመት ሠራሁት፣ ከ2017 እስከ 2024። ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ። ኤስ ኤንድ ፒ ከነዲቪደንዱ በአማካይ በዓመት 14.8 ፐርሰንት ሄዷል። እኔ 10.2። ቁጥሩ ሲታይ አራት ነጥብ ምናምን ነው፣ ምንም አይመስልም። በዶላር ስትሉት ግን በ2017 መጀመሪያ የገባ 10,000 በኢንዴክሱ 30,000 ሆኗል። በእኔ እጅ 21,700። ከስምንቱ ዓመት ያሸነፍኩት በሁለቱ ነው።

ታክሱን አልነካም፤ የየሰው ቤት ይለያያል። ብቻ ቶሎ ቶሎ የሚሸጥ ሰው ከዚህ ላይም ይቀነስበታል። ዓመት ሳይሞላው የተሸጠ ትርፍ እንደ ደሞዝ ነው የሚታየው።

እንግዲህ ወደ አገር ቤት። ስልክ የደወላችሁልኝ ሁሉ የጠየቃችሁኝ ስለሆነ መዝለል አልችልም። ባለፈው ወር አዲስ አበባ ላይ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያው፣ አክሲዮን የሚሸጥበት የሚገዛበት ማለት ነው፣ ተከፍቷል። ወጋገን ባንክ ቀዳሚው ተመዝጋቢ ሆኗል። ኢትዮ ቴሌኮምም አክሲዮኑን በ300 ብር ለሽያጭ አቅርቦ ነበር፤ ለኢትዮጵያ ዜጎች ነበር እንጂ ፓስፖርት ለቀየርነው አልነበረም። ብዙዎቻችሁ ደግሞ የባንክ አክሲዮን አላችሁ። «ዘንድሮ 30 ፐርሰንት ዲቪደንድ ከፈለ» ትሉኛላችሁ።

በምን ለካችሁት? እስካሁን አገር ቤት ጥላ የሚሆን ኢንዴክስ አልነበረም። ስለዚህ ሰው ብሩን ከብር ጋር ብቻ ነው የሚያስተያየው። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ፣ ቁጥሩ የእኔ ግምት ነው። በ2019 መጨረሻ ዶላር 32 ብር አካባቢ ነበር። አንድ ሰው ከዚህ 3,125 ዶላር ልኮ የ100,000 ብር አክሲዮን ገዛ። በአምስት ዓመት ከነዲቪደንዱ 300,000 ሆነለት እንበል። ሦስት እጥፍ! ሠርግ ነው። ግን በጁላይ 2024 ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀና በዓመቱ መጨረሻ ዶላር 125 ብር ገደማ ሆነ። 300,000 ብር 2,400 ዶላር ነው። በብር ሦስት እጥፍ ያተረፈው ሰው በዶላር ሩብ ያህሉን አጥቷል። በዚያው አምስት ዓመት የኤስ ኤንድ ፒ ጥላው ወደ እጥፍ ተጠግቶ 6,150 ዶላር አካባቢ ደርሷል።

አትግዙ እያልኩ አይደለም። ጡረታዬን አዲስ አበባ ነው የምወጣው፣ ጤፍ የምገዛው በብር ነው የሚል ሰው ጥላው የአገር ቤት የዋጋ ንረት ነው። እሱ ከዶላር ይልቅ የጤፍ ዋጋ ይቁጠር። ልጁን እዚህ ኮሌጅ የሚያስተምር ግን በዶላር ይቁጠር። ያጠፋን ሁለቱን መቀላቀላችን ነው፤ ሲገዛ በዶላር፣ ሲፎክር በብር።

አሁን ምን አደረግክ ትሉኛላችሁ። ከጃንዋሪ ጀምሮ የየወሩ 500 በቀጥታ ኢንዴክስ ፈንድ ውስጥ ይገባል፤ እጄ አይነካውም። ለብቻዬ የምመርጥበት ድርሻ አልተውኩም፤ ከጠቅላላው ከ15 ፐርሰንት እንዳያልፍ አድርጌ ለየሁት። እውነቱን ለመናገር መምረጡን እወደዋለሁ። ኳስ እንደማየት ነው፣ ትኬት ይከፈልበታል። ደብተሩንም ከፋፍዬዋለሁ፤ ከፊት ዕቁብ፣ ከኋላ ጥላ። በየዓመቱ የገና ሰሞን ከባለቤቴ ጋር ሆነን እናሰላዋለን። የኮስትኮውን መስመር እሷ ናት የምትጽፈው፣ ከፍ ባለ ድምፅ እያነበበች።

እዚህ ላይ ጥያቄ ካለ።

(ብዙ ጥያቄ ተነሳ፤ አብዛኛው ስለ ታክስ ስለነበር ለባለሙያ አስተላለፍኩት። የመጨረሻውን ብቻ ላካፍላችሁ። ከፊት ወንበር ላይ የነበሩ እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ።)

«ልጄ፣ ያን ኢንቴል የምትለውን ሸጥከው?»

«አልሸጥኩትም እማማ።»

«ለምን?»

«የገዛሁበት ዋጋ ሲመለስ እሸጠዋለሁ ብዬ ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እማማ ግን አልሳቁም። «እስቲ ለመመለስ ስንት መጨመር አለበት?» አሉኝ።

አሰብኩት። ከ2,000 ወደ 5,000። «150 ፐርሰንት» አልኩ።

«መርካቶ ሱቅ ነበረኝ» አሉ። «ያ ላፕቶፕ ላይ ያለው ስቲከር ዛሬም አለ?»

«አለ።»

«እሱን ላጠው በቃ» ብለው ተቀመጡ።

መልስ ለመስጠት አፌን ስከፍት ባለቤቴ ከኋላ ጮኸች። ዶሮው ቀዝቅዟል።